አለቀብሽ እንጂ አለቀልሽ አላለችም

ታናሽ እህቴ ትናንት ማታ ከሜሪላንድ ደወለችልኝ። አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው። ሁለት ሽፍት ደርባ ስትጨርስ አለቃዋ «ዩ አር ራኒንግ አውት ኦፍ ስቲም» አለቻት። «ራን አውት» ማለቅ መሆኑን ስለምታውቅ፣ «አለቀልሽ፣ ከእንግዲህ አትጠቅሚም» የተባለች መስሏት መኪናዋ ውስጥ ስታለቅስ ነበር። አንጀቴን በላችው። እንደሷ የሚሰማ ሌላም ሰው ይኖራል ብዬ ነው የምጽፈው።

ስቲም እንፋሎት ነው። አባባሉ የእንፋሎት ሞተር ዘመን ልጅ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከበርሚንግሃም በስተደቡብ ሊኪ የሚባል የባቡር ዳገት አለ፤ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ በየ38 ሜትሩ ገደማ 1 ሜትር ከፍ ይላል። ለእግረኛ ምንም አይደለም፤ ለከባድ ባቡር ግን ፈተና ነው። በእንፋሎት ዘመን እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ሞተሩ እንፋሎቱን የሚጨርሰው ውሃው ፈልቶ ከሚተካው በላይ ፈጥኖ ነው። ግፊቱ ይወርዳል፣ ባቡሩ ይዝላል፣ አንዳንዴም ይቆማል። ልብ በሉ፦ ከሰሉም፣ ውሃውም፣ እሳቱም አለ። የጎደለው ግፊት ብቻ ነው። እሳቱን ቆስቁሰው ጥቂት ከጠበቁ ተመልሶ ይሞላል። ሊኪ ላይ ደግሞ ሌላ ሞተር ከኋላ ሆኖ ይገፋ ነበር።

ስለዚህ አባባሉ ለስኳር ወይም ለገንዘብ አይሆንም። ሲጀመር የጋለ፣ እየዋለ ሲያድር ጉልበት ላነሰው ነገር ነው፦ ለሰው፣ ለዘመቻ፣ እኩሌታው ላይ ለሚደክም ልብ ወለድ። እኛ «ነገሩ ቀዘቀዘ» እንደምንለው። ለሰው ሲሆን «ዛልሽ፣ ጉልበት ከዳሽ» ነው።

ሌላም የሚያደናግር አለ። እኛ «ስኳር አለቀብኝ» ስንል የሚያልቀው ስኳሩ ነው። እንግሊዝኛው ግን ዐረፍተ ነገሩን በሰውዬው ይጀምራል፤ «አይ ራን አውት ኦፍ ሹገር» ይላል። ሰውዬው ያለቀ ይመስላል። እህቴንም ያሳሳታት ይኸው ነው። «አለቀብሽ» እና «አለቀልሽ» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ ትርጉማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ዛሬ ጠዋት ይህን ነግሬያት «ከዚያስ ምን አለችሽ?» አልኳት። ጥቂት ዝም አለች።

«የቀሩትን ሁለት ክፍሎች እኔ እጨርሳቸዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ አለችኝ።»