ከከርሠ ጨረቃ የወጣ መስተዋት

ጨረቃን በሌሊት ቀና ብሎ ለሚመለከታት ሰው እሳት ከቶ ያልጎበኛት ቀዝቃዛ አካል ትመስለዋለች፤ ነገር ግን በጥንተ ዘመኗ እሳት ስትተፋ እንደ ኖረች የሚናገር ምስክር በአፈሯ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል፤ እርሱም ከጤፍ ቅንጣት እጅግ የሚያንስ የመስተዋት ዶቃ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1965 ዓ.ም. የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች ዩጂን ሰርናንና የሥነ ምድር ሊቁ ሃሪሰን ሽሚት፣ ታውረስ ሊትሮው በተባለው ሸለቆ ሲዘዋወሩ፣ ሾርቲ ከተሰኘውና 110 ሜትር ያህል ስፋት ካለው ጉድጓድ አፋፍ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ግራጫ ምድር መካከል ብርቱካንማ አፈር አዩ። ጉድጓዱ በቅርብ ዘመን እንፋሎት የተነፈሰ የእሳተ ገሞራ አፍ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነበር። አፈሩ ወደ ምድር መጥቶ ሲመረመር ግን ግምቱ ፈረሰ፤ ቀለሙ የዝገት ሳይሆን ቲታኒየም የበዛበት መስተዋት፣ ዕድሜውም 3.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ጉድጓዱም ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የቆፈረውና የተቀበረውን ወደ ላይ ያወጣበት ነበር።

የዶቃው አፈጣጠር እንዲህ ነው። ቅልጥ አለት ከከርሠ ጨረቃ ሲወጣ የተጫነው ክብደት እየቀለለው ስለሚሄድ፣ ያልሰከነ ጠጅ የያዘ ጋን ሲከፈት አረፋው እንደሚገነፍል፣ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ቅልጡን እየበታተነ ወደ ላይ ይረጨዋል። የጨረቃ ስበት ከምድር ስበት ስድስተኛው እጅ ብቻ ስለሆነ፣ የሚያግደውም አየር ስለሌለ፣ ጠብታው ርቆ ይበተናል፤ ገና በበረራ ላይ ሳለም ረግቶ ዶቃ ሆኖ ይወርዳል። ፈጥኖ የበረደው ብርቱካንማ መስተዋት ሆኖ ሲቀር፣ ቀስ ብሎ የበረደው ደቃቅ ማዕድን በውስጡ ስለሚቋጥር ይጠቁራል።

ከአፖሎ 17 በፊትም፣ በሐምሌ 1963 ዓ.ም.፣ አፖሎ 15 ከአፔናይን ተራሮች ግርጌ አረንጓዴ ዶቃ አግኝቶ ነበር። ሊቃውንት ጨረቃ በከርሧ ውሃ የላትም ብለው ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. እነዚሁ ዶቃዎች ረቀቅ ባለ መሣሪያ ቢመረመሩ፣ በመስተዋቱ ውስጥ የውሃ ፈለግ ታየ። አፈሩ ያን ጊዜ ከጨረቃ ከመጣ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ የጎደለውም ምስክሩ ሳይሆን የሚሰማው መሣሪያ ነበር።