ኳስ ወርዋሪው የካሪካቸር ሠዓሊ አርተር ሜይሊ

በገዳሪፍም ሆነ በአካባቢዋ ባሉት የድንበር መንደሮች ለሚኖር ልጅ፣ ጨዋታ ሲባል የሚታወሰው እግር ኳስ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1956 ድረስ በእንግሊዝና በግብፅ ጣምራ አገዛዝ ሥር ብትቆይም፣ እንግሊዞች በየደረሱበት ያስፋፉት የክሪኬት ጨዋታ በሕንድና በፓኪስታን እንደሆነው በሱዳን ሕዝብ መካከል ሥር አልሰደደም። እግር ኳስ ግን ሰደደ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1957 የተደረገውም በካርቱም ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ የክሪኬት ተጫዋች ማንበብ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነገር ይሆናል። ነገር ግን ሰውየው ሁለተኛ ሙያ ነበረው፤ ይኸውም በጋዜጣ ላይ የምናየው፣ የሰውን መልክ አጋንኖ የሚያሳየው ካሪካቸር የተባለው ሥዕል ነው። ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙት የት ላይ እንደሆነ ለመረዳት አስቀድሞ ጨዋታውን በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል።

በክሪኬት እያንዳንዱ ወገን አሥራ አንድ ተጫዋቾች አሉት። በሜዳው መካከል ሃያ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠባብ መደብ ይዘጋጅና በሁለቱም ጫፎች ሦስት ሦስት ዘንጎች ይተከላሉ። ወርዋሪው ጠንካራዋን የቆዳ ኳስ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ይወረውራል፤ መቺው በጠፍጣፋ እንጨት እየመታ ዘንጎቹን ይከላከላል፣ ነጥብም ይሰበስባል። ኳሷ አብዛኛውን ጊዜ መቺው ዘንድ የምትደርሰው መሬት ነክታ ከነጠረች በኋላ በመሆኑ የአፈሩ ጠባይ ትልቅ ትርጉም አለው። ገዳሪፍ ዙሪያ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበትን ጥቁር መረሬ አፈር የማያውቅ ከመካከላችን የለም፤ ሲዘንብ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የአውስትራሊያ የክሪኬት መደቦችም የሚሠሩት ከዚሁ ዓይነት ከባድ የሸክላ አፈር ነው። አፈሩ በውኃ ርሶ በከባድ ዳምጠው ከተጠቀጠቀ በኋላ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ ጨዋታው ቀናት ሲያስቆጥርና መደቡ ሲሰነጠቅ ደግሞ የምትሽከረከር ኳስ ከወትሮው ይልቅ ትጠመዘዛለች።

ወርዋሪዎች በሁለት ይከፈላሉ። ፈጣኑ ከሩቅ ተንደርድሮ መጥቶ በጉልበቱ ይወረውራል፤ የዛሬዎቹ ኃይለኞች በሰዓት 140 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ዘገምተኛው ግን በጣቶቹና በእጁ አንጓ ኳሷን አሽከርክሮ ይለቃታል። ሜይሊ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነበር። ዋና መሣሪያው ጉግሊ የተባለችው ኳስ ነበረች፤ ከእጅ ስትወጣ ወደ አንድ ወገን የምትታጠፍ ትመስልና መሬት ከነካች በኋላ ወደ ተቃራኒው ትዞራለች። ቅኔ ለተማረ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ መቺው ሰሙን ሰምቶ እንጨቱን ሲሰነዝር ወርቁ በሌላ በኩል ያልፈዋል።

አርተር ሜይሊ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1886 በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ጀመረ፤ በመስታወት ፋብሪካም በብረት ቧንቧ እየነፋ ብርጭቆና ጠርሙስ የሚያበጅ ሠራተኛ ሆነ። በኋላም በከተማው የውኃና ፍሳሽ ድርጅት በጉልበት ሥራ ተቀጠረ። የጋለው መስታወት ወደ አንድ ወገን እንዳይንጠባጠብ ቧንቧው ያለማቋረጥ በጣት መሽከርከር አለበት፤ ኳስ ለሚያሽከረክር ወጣት ከዚህ የተሻለ የጣት ማጠንከሪያ ይገኛል ብዬ አልገምትም።

በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የታላቁን መቺ የቪክቶር ትራምፐርን ፎቶግራፍ ሰቅሎ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በሲድኒ ክለቦች ግጥሚያ ለዚሁ ለጀግናው እንዲወረውር ተራው ደረሰ። ራሱ እንደተረከው፣ ትራምፐር የመጀመሪያዎቹን ኳሶች በሚያምር ሁኔታ መታቸው፤ በኋላ ግን ጉግሊዋን ሊመታ ከመስመሩ ሲወጣ ሳተችውና ከበስተኋላው ያለው ኳስ ያዥ ዘንጎቹን አፈረሰበት። ትራምፐር እያደነቀው ከሜዳ ሲወጣ ሜይሊን የተሰማው ግን ደስታ ሳይሆን ሐዘን ነበር። ይህ ታሪክ ስለ ሠዓሊነቱ ብዙ የሚነግረን ይመስለኛል፤ የሚያሸንፈውን ሰው የሚወድ ነበርና።

ለአውስትራሊያ የተሰለፈው ዘግይቶ፣ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ሲቃረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920-21 እንግሊዞችን በገጠመበት ተከታታይ ግጥሚያ 36 መቺዎችን አስወጣ። በሜልቦርን ብቻ በአንድ ዙር በ121 ነጥብ ዘጠኝ መቺዎችን ያስወጣበት ውጤት በአገሩ ወርዋሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ አልተሻሻለም። በጠቅላላው በ21 ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎች 99 መቺዎችን አስወጥቷል፤ መቶኛዋ አልመጣችለትም።

ገና በመጫወት ላይ ሳለ የጓደኞቹንና የተቃራኒዎቹን ካሪካቸር እየሳለ ያሳትም ነበር፤ ጨዋታውን ከተወ በኋላም በጋዜጠኝነትና በጋዜጣ ሠዓሊነት ኖረ። እዚህ ላይ ሁለቱ ሙያዎች ይገናኛሉ። ዘገምተኛ ወርዋሪ ጉልበት ስለሌለው መቺውን ማጥናት አለበት፤ ይህ ሰው እግሩን ቀድሞ ያነሳል፣ ያኛው ይቸኩላል፣ ሦስተኛው ትከሻውን ይጥላል። ካሪካቸር ሠዓሊውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አፍንጫን ማስረዘም ማንም ይችላል፤ ሰውየውን ከሌላው የሚለየውን አንዱን ጠባይ አግኝቶ እሱን ብቻ ማጋነን ግን ትኩረት ይጠይቃል። መምህራን ሆይ፣ ከደብተሩ ጀርባ ላይ እናንተን ሲስል የተያዘ ተማሪ ቢያጋጥማችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ሥዕሉን በጥሞና እዩት። አፍንጫ ብቻ ከሆነ ስድብ ነው፤ ጠመኔ አያያዛችሁን ከያዘ ግን ልጁ ትምህርቱን ባይከታተልም እናንተን ተከታትሏል።

ሜይሊ ቀልዱን ከራሱ ይጀምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 የቪክቶሪያ ቡድን በሜልቦርን 1,107 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ከወርዋሪዎቹ አንዱ የነበረው ሜይሊ አራት መቺዎችን ለማስወጣት 362 ነጥብ አስመዘገበ። ሌላው ቢሆን ያፍር ነበር፤ እሱ ግን በተመልካቾች መቀመጫ ላይ ያለ አንድ ባለባርኔጣ ሰው ብዙ ኳሶችን ባይጥልበት ኖሮ ውጤቱ ያምር እንደነበር ይናገር ነበር። ኳሶቹ ሁሉ ከሜዳው ወጥተው ሕዝቡ መካከል ይወድቁ ነበር ማለቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932-33 የእንግሊዙ ካፒቴን ዳግላስ ጃርዲን ፈጣኑን ወርዋሪ ሃሮልድ ላርውድን የመቺዎቹን አካል እያነጣጠረ እንዲወረውር ባደረገው ጊዜ ነገሩ እስከ ሁለቱ መንግሥታት ደረሰ። ላርውድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ሜይሊ ያን ክርክር ከጋዜጠኞች መቀመጫ ተከታትሎ በ1933 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ።

የዘይት ቀለም ሥዕልም ይሞክር ነበር። ለንደን ባሳየው ኤግዚቢሽን ላይ ንግሥት ሜሪ የአንዱን ሥዕል ፀሐይ አልተዋጣላትም ቢሉት፣ በእንግሊዝ አገር ፀሐይን የምስላት ከትዝታዬ ነው ብሎ መለሰ ይባላል።

በስተርጅና ሲድኒ አጠገብ ሥጋ ቤት ከፈተ። በእንግሊዝኛ የጨጓራ ስም ለማይረባ ነገርም መጠሪያ ነው። ሜይሊም በዚሁ ቃል ተጫውቶ፣ ቀድሞ ጨጓራ ይወረውር እንደነበር፣ ቀጥሎም ጨጓራ ይጽፍ እንደነበር፣ አሁን ግን እየሸጠው መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ከሱቁ ላይ ሰቀለ። ያረፈው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1967 ነው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።