የፎቶግራፍ ማዕዘናት ለምን ይጨልማሉ?

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል በሚገኘው ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ረጅም ጽድ ከሥር እስከ ጫፉ ለማንሳት የሚሻ ሰው ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ያስፈልገዋል። ምስሉን ሲመለከት ግን አራቱ ማዕዘናት ጠቁረው ሊያገኛቸው ይችላል። ለዕጽዋት መዝገብ ጉድለቱ ቀላል አይደለም፤ ዝርያውን የሚለየው ቅጠል በጥላው ሊዋጥ ይችላልና።

ሌንስ የሚያሳርፈው ብርሃን ክብ ነው፤ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ግን አራት ማዕዘን። ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን 43 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአነስተኛው የኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ግን 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለትንሹ የተሠራ ሌንስ ትልቁን አይሸፍንም። የትልቁ ሌንስ በትንሹ ላይ ቢገጠም ችግር የለውም፤ እይታው ብቻ ይጠብባል።

የኒከን ዲኤክስ ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ ሲገጠም ካሜራው ምስሉን ራሱ ይቆርጠዋል፤ ጥላው ቢቀርም የምስሉ ፒክስል ከግማሽ በታች ይወርዳል። ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ታዲያ ከዋጋው በፊት ይህን ምልክት ቢያይ ይበጀዋል።

ጥላ ሁሉ ግን ከዚህ አይመጣም። የሌንሱ ቀዳዳ እስከ ኤፍ 8 ሲጠብብ ጥላው ከሳሳ የሌንሱ ባሕርይ ነው። ጠርዙ ጎልቶ ከጠቆረ ክቡ አጥሯል፤ አለዚያም የተደራረበ ማጣሪያ ወይም የማይመጥን የፀሐይ መከላከያ ብርሃኑን ጋርዷል።