ስንጓዝ የሚመጣልን ደብዳቤና ጥቅል

በውጭ አገር የሚማር ኢትዮጵያዊ ከአገሩ ጋር የሚገናኘው ዛሬ በአመዛኙ በስልክ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በስልክ የማይመጡ ነገሮች አሉ። ማኅተም ያረፈበት ዲፕሎማ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከቤተሰብ የሚላክ በርበሬና ሽሮ አሁንም የሚጓዙት በፖስታ ወይም በሰው እጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እኛ ራሳችን መንገድ ላይ ሳለን እነዚህ ነገሮች ቢደርሱ ምን እንደሚሆኑና እንዴት ልንከታተላቸው እንደምንችል ነው። ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ችግሩ በራስ ላይ እስኪደርስ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ የአንዲት እህታችን ወንድም ዋናውን ዲፕሎማዋን ከደሴ ላከላት። እርሷም ለዕረፍት ከመነሳቷ በፊት ይደርሳል ብላ ጠበቀች። ሳይደርስ የጉዞዋ ቀን ደረሰና ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ወንድሟ የጻፈው አድራሻ በስልኩ ውስጥ የነበረውን የበኒ ማሊክ ቤቷን ነበር፤ ያ ቤት ግን ከጥቂት ወራት በፊት ፈርሷል። የመከታተያውን ቁጥር ሲያነብላት ደግሞ ሁለት አኃዞችን አቀያየረ። በመሆኑም በፈለገችው ቁጥር መልሱ «አልተገኘም» ሆነ። እርሷ አዲስ አበባ ሳለች ወረቀቱ ጅዳ ነበር፤ እርሷ ጅዳ ስትመለስ ወረቀቱ ወደ ደሴ እየተመለሰ ነበር። የትምህርት ክፍሏ የሰጣት ቀነ ገደብ አለፈ፤ አንድ ሴሚስተርም ከሰረች።

ጥፋቱ የማን ነው? የፖስታ ቤት ብቻ ነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ወረቀቱ አልጠፋም፤ በየደረጃው ተመዝግቦ ሄዶ ተመዝግቦ ተመልሷል። የጎደለው የሚከታተለው ሰው ነው። «ጠፋብኝ» ከምንለው ውስጥ ብዙው እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ ማንኛችንም ከመነሳታችን በፊት ሦስት ነገሮችን ማሰናዳት ይገባናል፤ እነርሱም ትክክለኛ አድራሻ፣ ትክክለኛ ቁጥርና የታወቀ ተቀባይ ናቸው።

አንደኛ፦ አድራሻ።

ብዙዎቻችን ያደግነው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። በአገራችን ደብዳቤ ለረዥም ዘመን ሲሄድ የኖረው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሣጥን ነው። ቤት ቢቀየር ሣጥኑ አይቀየርም። በሳዑዲ ዓረቢያ አሁን የሚሠራበት ብሔራዊ አድራሻ ግን ከሕንጻው ጋር የተያያዘ ነው። ባለ 4 አኃዝ የሕንጻ ቁጥር፣ የመንገድና የሠፈር ስም፣ ባለ 5 አኃዝ የፖስታ ኮድ፣ እንዲሁም ባለ 4 አኃዝ ተጨማሪ ቁጥር አለው። ይህ ሁሉ በ4 ፊደላትና በ4 አኃዞች በሚጻፍ አጭር አድራሻ ይጠቃለላል።

አድራሻው ከሕንጻ ጋር ከተያያዘ ሕንጻው ሲፈርስ ምን ይሆናል? ይህ ለእኛ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የጅዳ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ብዙ ሠፈሮችን ማፍረስ ጀመረ፤ በ2022 ተራው ለበኒ ማሊክ ደረሰ። እዚያ የነበሩ ወገኖቻችን ወደየሠፈሩ ተበታተኑ። የድሮው አድራሻ ግን በቤተሰብ ስልክ፣ በዩኒቨርሲቲ መዝገብና በባንክ ቅጽ ላይ እንደተጻፈ ቀረ። ስለሆነም የተዛወረ ሁሉ አድራሻውን በብሔራዊው መዝገብ ማሳደስ፣ ከዚያም ለሚልኩለት ሁሉ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። በድምፅ የተነገረ አድራሻ ይረሳል፣ ይጣመማልም።

ሁለተኛ፦ ቁጥር።

ተራ ደብዳቤ የመከታተያ ቁጥር የለውም፤ ከሳጥን ከገባ በኋላ የሚጠየቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ሰነድ የሚልክልን ሰው በአደራ ደብዳቤ ወይም በፈጣን መልእክት እንዲልክ እንንገረው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1908 የገባችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ደንግጓል። ቁጥሩ በጠቅላላው 13 ምልክቶች አሉት። ሁለት የላቲን ፊደላት ይቀድማሉ፤ 9 አኃዞች ይከተላሉ፤ በመጨረሻ የተነሣበትን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት አሉ። ከኢትዮጵያ ከሆነ ኢ ቲ፣ ከሳዑዲ ከሆነ ኤስ ኤ ይላል። የመጀመሪያው ፊደል አር ከሆነ የአደራ ደብዳቤ፣ ሲ ከሆነ ጥቅል፣ ኢ ከሆነ ፈጣን መልእክት ነው።

ብዙዎች የማያውቁት ግን ዘጠነኛው አኃዝ መቈጣጠሪያ መሆኑን ነው። ቁጥሩ በትክክል መገልበጡን በእርሳስና በወረቀት ማረጋገጥ ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ሲ ፒ 204168378 ኢ ቲ የሚል ቁጥር ደረሰን እንበል። የመጀመሪያዎቹን 8 አኃዞች በየተራ በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 እናባዛለን። ውጤቶቹ 16፣ 0፣ 16፣ 2፣ 18፣ 40፣ 27 እና 49 ናቸው፤ ድምራቸው 168 ነው። 168 ለ11 ሲካፈል 3 ይቀራል። 3ትን ከ11 ስንቀንስ 8 እናገኛለን፤ ይህም ዘጠነኛው አኃዝ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል ነው። ውጤቱ 10 ከሆነ በ0፣ 11 ከሆነ በ5 ይተካል። አንባቢው 8ትንና 3ትን አቀያይሮ 204163878 ቢል ግን ድምሩ 188 ይሆናል፤ 1 ይቀራል፤ 11 ሲቀነስ 1 ደግሞ 10 ስለሆነ መጨረሻው 0 መሆን ነበረበት። ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። እህታችን ይህን ብታውቅ ኖሮ ክረምቱን ሙሉ በተሳሳተ ቁጥር ባልደከመች ነበር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ላኪው የደረሰኙን ፎቶግራፍ እንዲልክ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፦ ተቀባይ።

አድራሻውም ቁጥሩም ትክክል ሆኖ በሩን የሚከፍት ሰው ከሌለ ጥቅሉ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ አድራሹ ከማስረከቡ በፊት በስልክ የተላከ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል። የሳዑዲ ሲም ካርዳችን አገር ቤት ሳለን የማይሠራ ከሆነ ያ ቁጥር አይደርሰንም። እንግዲያው ከመነሳታችን በፊት ተቀባይ መምረጥ፣ በጥቅሉ ላይ የእርሱን ስልክ ማስጻፍ፣ ማስረከቢያው ቢሮ የሚቀበለው የውክልና ወረቀት ምን ዓይነት እንደሆነም ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን የይለፍ ቁጥር ለማይታወቅ ሰው መስጠት አይገባም። «ጥቅል አለዎት፣ ጥቂት ገንዘብ ይክፈሉ» የሚል መልእክት ሲመጣም መጀመሪያ በእጃችን ካለው የመከታተያ ቁጥር ጋር እናመሳክር።

ተቀባዩ የት እንደሚኖርም መታሰብ አለበት። ጅዳ ያለ ተማሪ መካ ባለ ወዳጁ አድራሻ ቢያስልክ መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሙስሊም ያልሆነ አባል ወደ መካ መግባት አይችልም። በሐጅ ሰሞን ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ ከመካ ያልወጣ ሙስሊምም ያለ ልዩ ፈቃድ ከኬላ ይመለሳል። ስለዚህ ጅዳ ላለ በጅዳ፣ መካ ላለ በመካ ተቀባይ ይመረጥ።

እነዚህ ሦስቱ ተሟልተውም አንድ ነገር ቢዘገይ ዝም ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት ጥያቄ የሚቀርበው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ጥያቄውን ለመጀመር የሚቀናው ላኪው ደረሰኙን ይዞ በላከበት ፖስታ ቤት ነው። በሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ሲሆን በአገራችን ደግሞ እሑድ ዝግ ነው። ሁለቱም ወገን ሙሉ ቀን የሚሠራው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስለሆነ ስልክ የምንደውልበትን ቀን በዚያው እንወስን።

በሰው እጅ ስለሚመጣውም አንድ ቃል እንጨምር። እኛ በሌለንበት ተቀባያችን የተዘጋ ሻንጣ ይረከባል። ጫትና የአልኮል መጠጥ በሳዑዲ ክልክል ናቸው። ያላወቀ ሰው ተይዞ «የእኔ አይደለም» ቢል ማን ያምነዋል? ላኪው የዕቃውን ዝርዝር ይጻፍ፤ ያዡም ከፍቶ ይይ። አደራ መብላት ነውር እንደሆነ ሁሉ ሰውን ሳያውቅ አደጋ ማሸከምም ነውር ነው።

በመጨረሻ የምናሳስበው በየመኖሪያ ቤቱ አንድ ደብተር እንዲቀመጥ ነው። በደብተሩ ላይ የላኪው ከተማ፣ የተላከበት ቀን፣ የተረጋገጠው ቁጥር፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና የተቀባዩ ስም ይጻፍ። ለክረምት ዕረፍት የሚሄዱት ለሚቀሩት ያስረክቡ፤ የሚቀሩትም በየሳምንቱ ተራ ገብተው ይመልከቱ። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። በዚያች እህት ላይ የደረሰው በሌላ አባል ላይ እንዳይደግም ከፈለግን ከዚህ ክረምት በፊት እንጀምር።