በኦማን የሹራ ምርጫ የሴት እጩዎች ዕድል ምን ያህል ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2023 በኦማን በተካሄደው የሹራ ምክር ቤት ምርጫ ለ90 መቀመጫዎች 843 እጩዎች ተወዳድረዋል። ከእነዚህ መካከል 32ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ነገር ግን አንዲቷም አላሸነፈችም።

ቀጣዩ ምርጫ በ2027 ይጠበቃል። በሙስካት የሚገኘው መዲናት ሱልጣን ቃቡስ የሚካተትበት የበውሸር ዊላያ ነዋሪዎችም ያን ጊዜ ተወካዮቻቸውን ዳግም ይመርጣሉ። ለመሆኑ ሴት እጩዎች በዚያን ጊዜ ምን ዕድል ይኖራቸዋል?

ያለፉት ምርጫዎች ውጤት ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በ1994 የሙስካት ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ሲፈቀድ ሁለት ሴቶች የምክር ቤቱን አባልነት አግኝተዋል። ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላቸው ዜጎች ሁሉ በመረጡበት የ2003 ምርጫም ሁለት ሴቶች ተመርጠዋል። በ2007 ግን አንዲትም ሴት አላለፈችም። በ2011 እና በ2015 ኒዕማ አል ቡሰይዲ ከሲብ ዊላያ ብቸኛዋ ሴት ተመራጭ ነበሩ። በ2019 ደግሞ ጧሂራ አል ለዋቲ ከሙጥረህ፣ ፈዲላ አል ሩሐይሊ ከሱሓር አሸንፈዋል።

ችግሩ ሴቶች ከምርጫ መራቃቸው አይደለም። ከተመዘገቡት መራጮች መካከል ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። በ2023 ድምፅ የተሰጠው «ኢንተኺብ» በተባለው የስልክ መተግበሪያ ሲሆን፣ ተሳትፎውም በ2019 ከነበረበት 49 በመቶ ወደ 66 በመቶ ገደማ አድጓል። የመራጩ ቁጥር መጨመር ግን ለሴት እጩዎች ድል አላመጣም።

ምክንያቱን ለመረዳት ከድምፅ መስጫው ዕለት በፊት ያለውን ጊዜ መመልከት ያሻል። በኦማን የፖለቲካ ፓርቲ ስለሌለ እጩ የሚለይበት የፓርቲ ምርጫም የለም። ይህን ሥራ በአመዛኙ የሚሠሩት ጎሳዎችና ቤተ ዘመዶች ናቸው። ሽማግሌዎች «ሰብላ» በሚባለው የመሰብሰቢያ አዳራሽ ይመክራሉ፤ ድምፃቸው እንዳይበተንም በአንድ ሰው ላይ ለመስማማት ይጥራሉ። ይህን ስምምነት ያላገኘች እጩ የቱንም ያህል የተማረችና የተከበረች ብትሆን ውድድሩን ከኋላ ሆና ትጀምራለች።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ምክር ቤት ዶክተር ዐቢይ አሕመድን በ108 ድምፅ ሊቀ መንበሩ አድርጎ ሲመርጥ፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59 ድምፅ አግኝተው ነበር። መንገዱ የተጠረገው ግን ከሳምንታት በፊት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነው ሰው የተወካዮች ምክር ቤት አባል መሆን ስላለበትና አቶ ለማ መገርሳ አባል ስላልነበሩ፣ ኦሕዴድ የሊቀ መንበርነቱን ቦታ አስቀድሞ ለዶክተር ዐቢይ አስረክቧል። ወሳኙ ውድድር ሕዝብ ከሚያየው መድረክ በፊት አልቋል ማለት ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁለት የተለያዩ መንገዶች ታይተዋል። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከ2019 ጀምሮ የብሔራዊ ፌዴራል ምክር ቤቱ ግማሽ መቀመጫ ለሴቶች ሆኗል። በኩዌት ደግሞ ሴቶች በ2006 እና በ2008 ተወዳድረው ሳይሳካላቸው ቢቀርም፣ በ2009 አራት ሴቶች ያለ ኮታ ፓርላማ ገብተዋል። በኦማን የሹራ ምክር ቤት ኮታ ስለሌለ ለሴት እጩዎች የቀረበው የኩዌቱ መንገድ ነው።

ጉዳዩ የመቀመጫ ቁጥር ብቻ አይደለም። ሱልጣኑ በሚሾሙት የመንግሥት ምክር ቤት ውስጥ ሴቶች አሉ፤ ከሕዝብ የተሰጠ ውክልና ግን የተለየ ክብደት አለው። የሹራ ምክር ቤት ከ2011 ወዲህ ረቂቅ ሕጎችን የመመርመርና የማሻሻል ሥልጣኑ ሰፍቷል። የወሊድ ፈቃድን ወደ 98 ቀናት ያሳደገው የ2023ቱ የሥራ ሕግ ዓይነት ጉዳዮች ሲቀርቡ፣ ከ90ዎቹ ተመራጮች መካከል አንዲትም እናት የለችም።

የ2027 ዕድል ጠባብ ቢሆንም የተዘጋ አይደለም። በቅርብ ዓመታት የተመረጡት ሴቶች የመጡት ከሲብ፣ ከሙጥረህና ከሱሓር፣ ማለትም ከትላልቅ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። የሲብና የሙጥረህ ጎረቤት የሆነው በውሸርም ለእንዲህ ያለ ውጤት ሩቅ አይደለም። ወሳኙ ነገር መተግበሪያው ከመከፈቱ በፊት በሰብላዎቹ የሚደረገው ምክክር ነው፤ በዚያ የሴት ስም ከተነሣና ከጸደቀ፣ የድምፅ መስጫው ዕለት የሚቀረው ቆጠራ ብቻ ይሆናል።