የባልና የሚስት ደመወዝ በግብር ሚዛን

ባልና ሚስት በጋብቻ አንድ መሆናቸው የታወቀ ነው። የቤተሰብ ሕግም ደመወዛቸውን የጋራ ሀብት ይለዋል። የገቢ ግብር ሕግ ግን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ይመዝናል።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ግብር አይነካውም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው ላይ 15 በመቶ ይከፈላል። እንግዲህ በጎንደር ከተማ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 2,000 ብር ቢቀበሉ ግብር የለባቸውም። በዳባት ባል ብቻውን 4,000 ብር ቢቀበልና ሚስቱ ቤት ብታስተዳድር ግን 300 ብር ይከፍላል፤ የእርስዋ ነፃ ድርሻ ወደ እርሱ አይተላለፍም።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ገቢው አነስተኛ የሆነ ባለትዳር ከነፃ ድርሻው ጥቂቱን ለትዳር ጓደኛው ሊያስተላልፍ ይችላል።

ልጅ ማሳደግ ደመወዝ ባይኖረውም ሥራ ነውና፣ ሕግ አውጪዎቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው። እስከዚያው ግን፣ ሚስት ደመወዝ የሚገኝበት ሥራ ብትይዝ የራስዋ 2,000 ብር ነፃ መሆኑን ቤተሰብ ሁሉ ይወቅ።