በራሳቸው ስለሚሠሩ መሣሪያዎችና ስለ ግቢያችን ሣር



በዛሬው ንግግራችን ልናስረዳችሁ ያሰብነው በራሳቸው ስለሚሠሩ፣ በተለምዶ አውቶማቲክ ስለምንላቸው መሣሪያዎች ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ ሳይወሰኑ ወደ ቤታችን፣ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛችንና ወደ ግቢያችን ከገቡ ቆይተዋል። ነገር ግን የትኛውን ሥራ ለመሣሪያ ማስረከብ፣ የትኛውን ደግሞ በሰው እጅ ማስቀረት እንደሚገባ አስቦ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ጎረቤት የገዛውን እንገዛለን።

ለምሳሌ የመረጥነው ጭሮንና የምዕራብ ሐረርጌን ከተሞች ነው። ጭሮ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጨርጨር ተራሮች መካከል ትገኛለች። የቀድሞ ስሟ ዐስበ ተፈሪ ሲሆን፣ ዐስብ በግዕዝ የድካም ዋጋ፣ ደመወዝ ማለት ነው። በደመወዝ የሚተዳደር አንባቢ ስለ ድካምና ስለ ዋጋ ሲያስብ ከዚህ የተሻለ ስም ያለው ከተማ አያገኝም። ከተማዋን ያቀኑት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ ተምረው የተመለሱና በ1923 ዓ.ም. የተሰጠውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ሲሆኑ፣ በኋላ ዘመናቸው በዚያው አገር በሂርና በእርሻ ሥራ ኖረዋል። አገሩን የመረጥነው ግን ስለ ስሙ ብቻ አይደለም። ከሚኤሶ ቆላ እስከ ሂርና ድረስ አየሩም መሬቱም እጅግ ስለሚለያይ፣ በአንዱ ከተማ የሚጠቅም መሣሪያ በሌላው ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል።

እንግዲህ በራሱ የሚሠራ የሚባለው የትኛው ነው? ሞተር ያለው ሁሉ በራሱ ይሠራል ማለት አይደለም። የእህል ወፍጮ ሞተር አለው፤ ሆኖም እህሉ አልቆ ድንጋይ ከድንጋይ ቢፋጭ እንኳ የሚያጠፋው ሰው እስኪመጣ ድረስ መዞሩን አይተውም። በራሱ የሚሠራ መሣሪያ የምንለው ሥራው የደረሰበትን እየለካ ኃይሉን የሚጨምረውን፣ የሚቀንሰውን ወይም የሚያቆመውን ነው። ይህም ሐሳብ ኤሌክትሪክን እጅግ ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ክቴሲቢዮስ የውሃ ሰዓት ሲሠራ፣ ውሃው ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን የሚዘጋ፣ ሲጎድል ዝቅ ብሎ የሚከፍት ተንሳፋፊ አደረገበት። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1788 ደግሞ ጄምስ ዋት በእንፋሎት ሞተሩ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ገጠመ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ እየተዘረጉ የእንፋሎቱን በር ያጠባሉ፤ ሲዘገይ እየተሰበሰቡ ያሰፉታል። የክቴሲቢዮስ ተንሳፋፊ ዛሬ በጭሮም ሆነ በበዴሳ የውሃ ሮቶ በተሰቀለበት ግቢ ይገኛል፤ ባለቤቱ ግን ይህን ያህል ዕድሜ ያለው አውቶማቲክ መሣሪያ እንዳለው ልብ አይለውም።

በእኛ አስተያየት አስቀድሞ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይኸው የውሃ ነገር ነው። በብዙ የአገራችን ከተሞች እንደሚሆነው የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ቤተሰቡ በመሬት ላይ ባለ ትልቅ ሮቶ ያጠራቅምና በፓምፕ ወደ ላይኛው ሮቶ ይስባል። እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። የታችኛው ሮቶ 5000 ሊትር፣ የላይኛው 1000 ሊትር ይያዝ፤ ፓምፑም በደቂቃ 20 ሊትር ይሳብ። ባለቤቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ፓምፑን አስነሥቶ እንግዳ መጣበትና ረሳው እንበል። የላይኛው ሮቶ በ50 ደቂቃ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የቀረው 4000 ሊትር በጣራው ላይ እየፈሰሰ የጎረቤቱን ግድግዳ ሲያርስ ያመሽና፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲሆን የታችኛው ሮቶ ባዶ ይሆናል። ፓምፑ ግን አሁንም አልቆመም። የፓምፕ ማኅተም የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በራሱ በሚስበው ውሃ ስለሆነ፣ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ያደረ ፓምፕ ሲነጋ ተቃጥሎ ይገኛል። ቤተሰቡ የሳምንት ውሃውንና ፓምፑን በአንድ ሌሊት አጣ ማለት ነው፤ የጎረቤቱ ቅሬታ ሳይቆጠር።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። አንደኛው በላይኛው ሮቶ ውስጥ ሆኖ ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋል፤ ሁለተኛው በታችኛው ውስጥ ሆኖ ውሃው ከመጠን ሲያንስ ፓምፑ እንዳይነሣ ይከለክላል። ሁለቱም በአንድ መስመር ተከታትለው ስለሚያያዙ፣ አንዳቸው እንቢ ካሉ ፓምፑ አይሠራም። ብዙ ሰው የላይኛውን ብቻ አስገጥሞ የታችኛውን ይተዋል፤ ፓምፑን የሚገድለው ግን የታችኛው መጉደል ነው። ሥራውን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስገጥመው፤ ውሃና መብራት በአንድ ስፍራ ሲገናኙ ስሕተት በነፍስ ያስከፍላል። ደግሞም በራሱ የሚነሣ መሣሪያ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማንንም ሳይጠይቅ መነሣቱን አንርሳ። ስለዚህ እጅን ወደ ፓምፕም ሆነ ወደ ሌላ መሣሪያ ከመስደድ በፊት ሶኬቱን መንቀል ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ መተማመን አይገባም።

በትርፍ ጊዜያቸው ዶሮ ለሚያረቡ ደግሞ የእንቁላል መፈልፈያ ሣጥን አለ። ይህ ሣጥን ሙቀቱን በ37.5 ዲግሪ አካባቢ ይጠብቃል፤ እንቁላሎቹንም በየጊዜው ያገላብጣል፤ በ21ኛው ቀን ጫጩቶቹ ይወጣሉ። ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጡ ይቆማል። እርግጥ ታቃፊ ዶሮ ይህን ሁሉ ያለ ኤሌክትሪክ ታደርገዋለች። ሣጥኑን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ተራው መፈልፈያ ሙቀት መጨመርና መጨመሩን ማቆም እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። በሂርና ብርድ ሌሊት መሣሪያው ሥራውን በሚገባ ያከናውናል። በሚኤሶ ቆላ ግን ቆርቆሮ ጣራ ባለው ጠባብ ክፍል ቢቀመጥ፣ በቀትር የክፍሉ ሙቀት ራሱ ከሚፈለገው ሲያልፍ መሣሪያው ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ለፅንሱም ከጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜ ይልቅ የሙቀት መብዛት ይከፋል። ስለዚህ በቆላ የሚኖር ሰው ነፋሻና ጥላ ያለበትን ክፍል ይምረጥ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሣጥኑን ከፍቶ እየተመለከቱ ከመጨነቅ ይልቅ እንደ ተዘጋ በጋቢ መሸፈን ይበጃል።

በመሥሪያ ቤት ስላለው ጉዳይ ብዙ አንልም፤ አብዛኞቻችሁ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁና። በኤክሴል የተሠራ የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዥ የሠራተኛውን 7 ከመቶና የመሥሪያ ቤቱን 11 ከመቶ የጡረታ መዋጮ በቅጽበት ያሰላል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ሕግ ሲሻሻልና ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2000 ብር ከፍ ሲል፣ ሠንጠረዡ አዋጅ አላነበበም። የሚለውጠው ሰው እስኪመጣ ድረስ በአሮጌው ልክ፣ ያለ አንዳች መታከት፣ ለሁሉም እኩል ያሰላ ነበር። በየወሩ የዝቅተኛውን፣ የመካከለኛውንና የከፍተኛውን ደመወዝተኛ ሒሳብ በእጅ ሠርቶ ማመሳከር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ግቢው ሣር እንለፍ። የሣር ማጨጃ መኪናን እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830 የፈለሰፈው ኤድዊን ባዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ሐሳቡንም ያገኘው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሱፍ ጨርቁን ፊት እየላጨ የሚያስተካክለውን ባለ ስለት ጥቅልል ተመልክቶ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ በቤንዚን፣ በኤሌክትሪክና በባትሪ የሚሠሩ ወጡ። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ሁስክቫርና የተባለው የስዊድን ኩባንያ በፀሐይ ኃይል እየተንቀሳቀሰ ያለ ሰው የሚያጭድ መኪና ለገበያ አቀረበ። እንዲህ ያለው መኪና በየቀኑ ከሣሩ ጫፍ ጥቂት ጥቂት እየቆረጠ ቁራጩን በዚያው ይተወዋል፤ ቁራጩም በስብሶ ለሣሩ ማዳበሪያ ይሆናል። መሬቱ ለጥ ያለና ድንጋይ የሌለው ከሆነ መልካም መሣሪያ ነው።

ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የግቢ ሣር የሚበቅለው ለዓይን ነው፤ ሲታጨድ የሚጠብቀው በሬ የለም። በጨርጨር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሐረርጌ ሰንጋ በገበያ የታወቀበት ምክንያት አደላለቡ ነው። ገበሬው በሬውን በደጁ አስሮ፣ ማሽላው ሲሳሳ የተነቀለውን ቡቃያ፣ ቅጠሉን፣ አገዳውንና ከየስፍራው የታጨደውን ሣር ተሸክሞ እያመጣ፣ በትንሽ በትንሹ በእጁ ያበላዋል። መሬት ጠባብ በሆነበት በዚህ አገር በሸክም የመጣ ሣር ሁሉ ገንዘብ ነው። እንግዲህ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ክረምቱን ሙሉ ያበቀለው ሣር፣ በግቢው ዳር ለሚኖረው ሰው የስንት ቀን መኖ እንደሆነ አስቡት።

ታዲያ ሣሩ በመኪና ታጭዶ ለሰውየው ቢሰጥስ የሚል ይኖር ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ማጭድ ሣሩን ረጅም እንደሆነ ስለሚያጭደው ታስሮ ይወሰዳል፤ ደርቆም ይቀመጣል። መኪናው ግን ይከትፈዋል። የተከተፈ እርጥብ ሣር ሲከመር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይግላል፤ ይቦካልም፤ ያን የበላ ከብት ሆዱ ይታመማል። ቤንዚን ወይም ዘይት ከነካው ደግሞ ፈጽሞ አይበላም። ስለዚህ መኪናው የገባበት ግቢ መኖ የነበረውን ቆሻሻ ያደርገዋል፤ ከዚያ ቆሻሻውን የሚያነሣ ሰው ይቀጠራል። ለመኪናው፣ ለቤንዚኑና ለጽዳቱ ሦስት ጊዜ ተከፍሎ፣ አስቀድሞ በነፃ ሲያጭድ የነበረው ሰው በሬ መኖ ያጣል። በሪፖርት ላይ ግን ሥራው ዘመናዊ ሆነ ተብሎ ይጻፋል!

ይህን ስንል ማጨጃ መኪና ከቶ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሕፃናት የሚጫወቱበት ሜዳ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት የደጅ ሣር ሁልጊዜ አጭር መሆን አለበት፤ ከዚያም የሚወጣው ቁራጭ ጥቂት ስለሆነ በዚያው ቢቀር ይጠቅማል። ለዚህ ሞተር የሌለውና በእጅ የሚገፋው ባለ ጥቅልል ማጨጃ ይበቃል፤ ጥገናው ቀላል ነው፤ መብራት አይጠብቅም። ሲታጨድ ከሣሩ ቁመት ከሲሦው በላይ በአንድ ጊዜ አይቆረጥ፤ 6 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ሰርዶ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይውረድ እንጂ አይላጭ። በጭሮ ተዳፋት ላይ ሥሩ ድረስ የተላጨ ሣር ሲደርቅ፣ የሚቀጥለው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

ሞተር ያለውን የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ድንጋዩን ይልቀም፤ የሚሽከረከር ስለት ድንጋይ ሲያገኝ እንደ ወንጭፍ ይወረውራልና ልጆች በአጠገቡ አይቁሙ። በተዳፋት ላይ የሚገፋ ማጨጃ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን አግድም ይነዳ፤ ቢያንሸራትት እግር ከስለቱ ሥር እንዳይገባ ነው። ስለቱ ላይ የተጠመጠመ ሣር ለማስለቀቅ ሞተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የካንዴላው ገመድ ይነቀል።

ሰፊው ግቢ ግን ለማጭድ ይተው። ሣሩ ማበብ ሲጀምር ቢታጨድ መኖነቱ ይበልጣል፤ ዘር አፍርቶ ከደረቀ ገለባ ይሆናል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በክረምቱ መግቢያ በአቅራቢያው ካለ ከብት ካለው ሰው ጋር የሚያጭድበትን ቀን ቢስማማ፣ መጋቢት ላይ በበልግ ዝናብ የሚበቅለውንም ቢጨምርለት፣ ግቢው ያለ ወጪ ይጸዳል። ለመኪናው የታሰበው ገንዘብ ለግቢው ሮቶ ሁለት ተንሳፋፊ ይግዛ። ከተገጠሙም በኋላ በወር አንድ ጊዜ ፓምፑ እየሠራ ሳለ የላይኛው ተንሳፋፊ በገመድ ወይም በደረቅ እንጨት ወደ ላይ ይነሣ፤ ፓምፑ ወዲያው ካልቆመ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በዚያው ዕለት ይጠራ።